ድምፅ ለሳምፕለር ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፋይሎቻችሁን ከኮምፒውተር ወደ ሳምፕለር፣ ማለትም ሳምፕል የሚባሉ የተቀዱ የድምፅ ቁራጮችን ይዞ ስትመቱት ወደሚያጫውተው የሙዚቃ ማሽን፣ ከማሻገራችሁ በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ጀምረናል።

ሳምፕለሬ ምን ዓይነት ፋይል ይቀበላል?

ዋቭ። የማሽናችሁን መመሪያ ገና ካልከፈታችሁት ድምፁን በዋቭ፣ በ16 ቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ አስቀምጡት፤ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ተጽፏል ማለት ነው። ዛሬ የሚሸጡ ሳምፕለሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ያነባሉ። ኤአይኤፍኤፍም በብዙዎቹ ላይ ይሠራል። ኤምፒ3 የሚያስገቡም አሉ፤ ሮላንድ ኤስፒ-404 ማርክ 2 አንዱ ነው። ከስልክ መቅጃ የወጣ ኤም4ኤ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ወደ ዋቭ ቀይሩት። ማሽኑ ይቀበለው ይሆን ወይ እያላችሁ ከመጨነቅ ትድናላችሁ።

ለመቀየር ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል ይሠራል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ኦሪጅናሉን ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና አትንኩት። ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ሥሩ። እኔ አንድ ጊዜ የሦስት ደቂቃ የዝናብ ቅጂ ቆራርጬ በዚያው ስም ሴቭ አደረግኩት። የቀረኝ አራት ሰከንድ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤምፒ3ን ወደ ዋቭ ብቀይረው ጥራቱ ይመለሳል?

አይመለስም። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን የድምፅ ክፍል አውጥቶ በመጣል ነው። አንዴ ከተጣለ ተጣለ። ወደ ዋቭ ስትቀይሩት ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም። በመደበኛው ፍጥነት ላይታወቃችሁ ይችላል። ሳምፕሉን አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ስታወርዱት ግን፣ በተለይ ሲምባል ላይ፣ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ የሚመስል ነገር ይሰማል።

ሌላም ጣጣ አለ። ኤምፒ3 ከመጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። ሌም በተባለው ታዋቂ ኤንኮደር የተሠራ ፋይል 576 ሳምፕል (እዚህ ላይ ሳምፕል ማለት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ከሚወሰዱት የድምፅ ልኮች አንዱ ነው) ይዘገያል፤ የሚፈታው ፕሮግራም ደግሞ 529 ይጨምርበታል። ድምሩ በ44.1 ኪሎኸርዝ ሲሰላ 25 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ይህን ራሳቸው ቆርጠው የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ የማይቆርጡም አሉ። ስለዚህ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚዞር ድምፅ፣ በኤምፒ3 አታስቀምጡ። ያላችሁ ኤምፒ3 ብቻ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ግን መጀመሪያውን በዓይናችሁ አይታችሁ ቁረጡ።

44.1 ኪሎኸርዝ ይሻላል ወይስ 48?

የሚሻለው ማሽናችሁ ውስጡ የሚሠራበት ነው። በጥራት ረገድ በሁለቱ መካከል ጆሮ የሚይዘው ልዩነት የለም ብል አላጋነንኩም። ችግር የሚመጣው ፋይሉና ማሽኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። የኤሌክትሮን ዲጂታክት እና ኤስፒ-404 ማርክ 2 የሚሠሩት በ48 ነው። የኤሌክትሮን ኦክታትራክ በ44.1 ነው። የቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ኢፒ-133 ደግሞ 46.875 የሚል ለየት ያለ ቁጥር አለው። አንዳንዱ ማሽን ወይም አብሮት የሚመጣው የማስተላለፊያ ፕሮግራም ፋይሉን ራሱ ይቀይረዋል። ያኔ አትጨነቁ።

የማይቀይር ከሆነ ግን በ48 የተቀዳው ድምፅ በ44.1 ይጫወታል። ይንቀራፈፋል፣ አንድ ሰሚቶን (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ተኩል ያህልም ይወርዳል። ይህ ልዩነት ተንኮለኛ ነው። ብቻውን ስትሰሙት ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ግን ከቅኝት ይወጣል። እኔ ላይ የደረሰው ልምምድ ላይ ነው፤ ድራሙ በ44.1፣ የድምፃዊቷ ሳምፕል በ48 ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቤዙን ስንቃኝ ቆየን፣ ቤዙ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ስትቀይሩ ደግሞ የምትቀይሩበትን ቦታ አስተውሉ። ኦዳሲቲ ውስጥ ከትራኩ ስም ሥር ባለው ዝርዝር ሬቱን (የኪሎኸርዙን ቁጥር) ብትቀይሩ የሚቀየረው የመጫወቻው ፍጥነት ነው፤ ድምፁ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ድምፁን ሳይነካ የሚቀይረው ትራክስ በሚለው ሜኑ ውስጥ ያለው ሪሳምፕል ነው።

16 ቢት ይበቃኛል?

ለመጫወት ይበቃል፤ ለመቅዳት 24 ይሻላል። እያንዳንዱ ቢት በጸጥታውና በጩኸቱ መካከል ያለውን ርቀት 6 ዴሲቤል ያህል ያሰፋዋል። 16 ቢት 96 ዴሲቤል ገደማ፣ 24 ቢት ደግሞ 144 ገደማ ይሰጣችኋል። በ24 ስትቀዱ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ክሊፕ ያደርጋል (ከልኩ አልፎ ጫፉ ይቆረጣል) ብላችሁ ሳትፈሩ ትቀዳላችሁ። አርማችሁ፣ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ መጨረሻ ላይ ወደ 16 አውርዱት። ስታወርዱት ዲዘር የሚለው ምርጫ ይብራ። ዲዘር በጣም ደካማ ሹክሹክታ ጨምሮ የሚጠፋው ጅራት እንዳይሻክር ያደርጋል።

ሞኖ ላድርገው ወይስ ስቴሪዮ ይሁን?

ኪክ፣ ስኔር፣ ቤዝ፣ አንድ ሰው የሚዘፍነው ድምፅ፦ ሞኖ። ሰፊ ፓድ (ረጅም፣ ለስላሳ የጀርባ ድምፅ)፣ የክፍል ድባብ፣ ከሙሉ ሙዚቃ የተቆረጠ ሉፕ፦ ስቴሪዮ። ምክንያቱ ሜሞሪ ነው። በ16 ቢት እና በ44.1 ኪሎኸርዝ አንድ ደቂቃ ሞኖ 5.3 ሜጋባይት ይወስዳል። ስቴሪዮው 10.6 ነው። 64 ሜጋባይት ብቻ ባለው ማሽን ላይ 12 ደቂቃ ወይስ 6 ደቂቃ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ዲጂታክት፣ የ2017ቱ፣ ጭራሽ ሞኖ ብቻ ነው የሚጫወተው።

ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ስታጣምሩ ግን በጆሮ አረጋግጡ። ግራና ቀኙ በፌዝ ከተጣሉ፣ ማለትም የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ከወረደ፣ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። እንዲህ ከሆነባችሁ አታጣምሩ። የግራውን ቻናል ብቻ ወስዳችሁ ተጠቀሙ።

የሳምፕሉን መጀመሪያ የት ጋ ልቁረጥ?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ መርጣችሁ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሰዎች ስለ ቢትና ስለ ኪሎኸርዝ ሲከራከሩ ይውላሉ። ፓዱ (በጣት የሚመታው የሳምፕለሩ ቁልፍ) ሲመታ "ዘገየ" የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአቆራረጥ ነው። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 125 ሚሊሰከንድ ነው። ከኪካችሁ ፊት 12 ሚሊሰከንድ ዝምታ ከቀረ ምቱ በአንድ አሥረኛ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ጣታችሁ ልክ ነው፣ ማሽኑም ልክ ነው፣ ፋይሉ ነው የሰነፈው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞገዱ መሥመር መሆኑ ቀርቶ ነጥብ ነጥብ ሆኖ እስኪታያችሁ ድረስ ዙም አድርጉ። መጀመሪያ የሚታየው ወደ ዜሮ የተጠጋ የሚንቀጠቀጥ መሥመር ነው፤ እሱ የክፍሉ ድምፅ ነው። ቀጥሎ መሥመሩ ቆርጦ ወደ አንድ ወገን ይነሳል። የምትቆርጡት እሱ ከመነሳቱ በፊት፣ መሥመሩ ዜሮን በሚነካበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ ስክሪኑን አትመኑ። ጭናችሁ ከሜትሮኖም ጋር ምቱት።

የሰው ድምፅ ላይ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታችኋል። "ሰላም" የሚል ቃል ቆርጣችሁ ሞክሩ። የ"ስ" ድምፅ ስክሪኑ ላይ ቀጭን ጉም ይመስላል፤ ጎልቶ የሚታየው "ኧ" ነው። ዓይናችሁን ተከትላችሁ ከጎላው ጀምራችሁ ብትቆርጡ ፓዱ "ኧላም" ይላል። "ፍ"፣ "ሽ" እና "ህ" ላይም እንደዚያው ነው። ከንግግር በፊት የሚመጣውን ትንፋሽም ሁልጊዜ አትጣሉት፤ አንዳንዴ ዘፈኑ ሕይወት የሚያገኘው በእሱ ነው። የዚህ ዋጋው ሳምፕሉን ትንሽ ቀደም አድርጎ መምታት ነው። አብዛኞቹ ሲኩዌንሰሮች (ኖታዎችን በተራ የሚያስነሱት የማሽኑ ክፍሎች) ኖታን ከግሪዱ፣ ከምቶቹ መሥመር፣ ቀድሞ ማስቀመጥ ስለሚችሉ እዚያ ታስተካክሉታላችሁ።

መጨረሻው ላይ አትቸኩሉ። ጅራቱ እስኪያልቅ ጠብቁና ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ፌድ አውት (ቀስ በቀስ የሚከስም መጨረሻ) ስጡት። ሲምባል ከሆነ በጣም ይርዘም።

ሁሉንም ሳምፕሎች ኖርማላይዝ ላድርጋቸው?

በጅምላ አታድርጉት። ኖርማላይዝ የፋይሉን ከፍተኛ ጫፍ ፈልጎ የፈለጋችሁት ልክ ላይ ያደርሰዋል፣ ሌላውንም በዚያው መጠን ያነሳዋል። ለአንድ ኪክ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአንድ ድራም ስብስብ 12 ድምፅ ወስዳችሁ ሁሉንም እኩል ብታነሱ ለስላሳው የሃይሃት ንክኪ ከስኔሩ ጋር እኩል ይጮሃል። ተጫዋቹ በእጁ የሰጠው ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስብስብ እንደ አንድ ፋይል ቆጥራችሁ በአንድ ላይ አንሱት፣ ከዚያ ቆራርጡት።

ጫፉን ከዜሮ ዴሲቤል፣ ማለትም ፋይሉ ሊይዘው ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ፣ አንድ ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት፤ በርካታ ድምፅ የምትደራርቡ ከሆነ ከዚያም ዝቅ ይበል። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ድምፆች ሲደመሩ 6 ዴሲቤል ይጨምራሉ። ሞገዱ ከመካከለኛው መሥመር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተንሸራቶ ከተቀመጠ ዲሲ ኦፍሴት አለበት፤ ከኖርማላይዝ በፊት አስወግዱት። አለበለዚያ ፓዱ በተነካ ቁጥር "ጠቅ" ይላል።

ሉፕ ሳደርገው መገጣጠሚያው ላይ "ጠቅ" ይላል። ምን ላድርግ?

ያ "ጠቅ" የዝላይ ድምፅ ነው። የሉፑ መጨረሻ ሞገዱ ላይ አንድ ከፍታ ላይ ቆሟል፣ መጀመሪያው ሌላ ከፍታ ላይ ነው። ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በቅጽበት ሲዘል ድምፅ ማጉያው ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት ሁለቱንም ጫፎች ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ማድረግ ነው። ኦዳሲቲ ውስጥ ከመረጣችሁ በኋላ የዜድን ቁልፍ ብትጫኑ ምርጫውን ራሱ ወደ ቅርቡ ዜሮ ይወስደዋል።

ዜሮ ብቻውን ግን አይበቃም። አቅጣጫውም መስማማት አለበት። መጨረሻው ወደ ላይ እየወጣ ዜሮን ካቋረጠ መጀመሪያውም ወደ ላይ እየወጣ ማቋረጥ አለበት። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ ሞገዱ ላይ ስለት ይፈጠራል፤ እሱም ይሰማል። ስቴሪዮ ላይ ደግሞ ግራው ዜሮ ሲሆን ቀኙ ላይሆን ይችላል። እዚያ የሚያዋጣው ክሮስፌድ ነው፤ የመጨረሻውን ጥቂት ሚሊሰከንድ እያከሰማችሁ ከሉፑ መነሻ ቀድሞ ያለውን ድምፅ እያነሳችሁ ማዋሐድ። ረጅም የክር ወይም የመዘምራን ድምፅ ከሆነ ክሮስፌዱ ግማሽ ሰከንድም ሊሆን ይችላል።

"ጠቅ" ጠፍቶ "ዋ-ዋ-ዋ" የሚል ንዝረት ከመጣ ሉፑ አጥሯል ወይም በሁለቱ ጫፎች መካከል የድምፁ መጠንና ቀለም ተለውጧል። ድምፁ የተረጋጋበትን ቦታ ፈልጉ። ወይም ጭራሽ ወደ ሌላው ጥግ ሂዱና አንድ የሞገድ ዙር ብቻ ሉፕ አድርጉ። 600 ሳምፕል የሚረዝም አንድ ዙር በ44.1 ኪሎኸርዝ 73.5 ኸርዝ ይሰጣል፤ ያ ወፍራም ሬ ነው። ሳምፕለራችሁ ወዲያው ሲንተሳይዘር ይሆናል። እኔ ይህን የተማርኩ ሳምንት ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

ሉፔ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞር ከቴምፖው ጋር ይለያያል። ለምን?

ርዝመቱ ልክ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60ን ለቢፒኤሙ አካፍሉ፣ በምቶቹ ቁጥር አባዙ፣ ሰከንዱን ታገኛላችሁ። በ90 ቢፒኤም አራት ምት 2.667 ሰከንድ ገደማ ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ ልክ 117,600 ሳምፕል ይሆናል። ምርጫችሁን በሰከንድ ሳይሆን በሳምፕል ቁጥር አድርጉና ይህንኑ ቁጥር ስጡት።

ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር አይመጣም። 93 ቢፒኤም ላይ 113,806 ከግማሽ ገደማ ነው። አጠጋጉት፤ ሲኩዌንሰሩ በየባሩ መጀመሪያ እንደገና እንዲያስነሳው ካደረጋችሁ ልዩነቱ አይከማችም። ሰው የተጫወተው ድራም ከሆነ ግን ቢፒኤሙን አትገምቱ። ከመጀመሪያው ኪክ እስከ ቀጣዩ ባር ኪክ ቁረጡ፣ ቴምፖውን ከዚያ አስሉ።

ፋይሉን በአማርኛ ብሰይመውስ?

ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይልም። ሳምፕለሩ ላይ ግን ስሙ ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ ፋይሉን ጭራሽ የማያሳይ ማሽንም አለ። ትንሿ ስክሪን ውስጥ የግእዝ ፊደል አልተጫነም። በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ሰይሙ። አጭር ይሁን፣ ዋናው ቃል ይቅደም። አሮጌ ማሽኖች ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ፊደል ብቻ ያሳያሉ። ቁጥር ስትሰጡ ከ01 ጀምሩ፤ አለበለዚያ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

ካርዱን አስገባሁት፣ ማሽኑ አያየውም።

አብዛኛውን ጊዜ ፎርማቱ ነው። ብዙ ሳምፕለሮች የሚያውቁት ፋት32ን ነው። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ግን ከፋብሪካ የሚወጡት በኤክስፋት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ካርዱን በራሱ በሳምፕለሩ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ያኔ የሚፈልጋቸውን ፎልደሮችም ራሱ ይፈጥራል። ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ።

ማክ የምትጠቀሙ ከሆነ በነጥብና በሥር ሰረዝ የሚጀምሩ፣ የሳምፕሎቻችሁን ስም የያዙ ትንንሽ ፋይሎች ካርዱ ላይ ታገኛላችሁ። ማክ ራሱ የሚጽፋቸው ናቸው፣ ውስጣቸው ድምፅ የለም። ሳምፕለሩ ሊከፍታቸው ሞክሮ ስህተት ካሳየ አጥፏቸው።

ዋቭ ነው፣ ኮምፒውተሬ ላይ ይጫወታል፣ ሳምፕለሩ ግን አላውቀውም ይላል።

ዋቭ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ያለው ይለያያል። መጀመሪያ የምትጠረጥሩት 32 ቢት ፍሎትን ነው። ኦዳሲቲ ፕሮጀክቱን በውስጡ የሚይዘው በዚህ ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ ቢቱን ካልመረጣችሁ እንዲሁ ሊወጣ ይችላል። 16 ቢት ፒሲኤም ብላችሁ ደግማችሁ አውጡት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፋይሉ ራስጌ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች 24 ቢት ሲያስቀምጡ ኤክስቴንሲብል የሚባለውን አዲሱን የራስጌ ዓይነት ይጽፋሉ፤ አሮጌ ማሽኖች አያነቡትም። ሌሎች ደግሞ ከድምፁ በፊት የአርቲስት ስም፣ ቀንና ማስታወሻ ይጨምራሉ። እንዲህ የሚያስቸግር ፋይል ሲያጋጥመኝ አዲስ ባዶ ፕሮጀክት እከፍታለሁ፣ ድምፁን ብቻ ኮፒ አድርጌ እለጥፋለሁ፣ ማስታወሻውን ባዶ ትቼ አወጣዋለሁ። እስካሁን በአብዛኛው ሠርቶልኛል።

አንድ ፒያኖ ሳምፕል ለማድረግ ስንት ኖታ መቅዳት አለብኝ?

88ቱንም መቅዳት አያስፈልግም። በየሦስት ሰሚቶኑ አንድ ቅዱ። እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን፣ ከላዩ ያለውንና ከታቹ ያለውን ኖታ ይሸፍናል፤ አንድ ሰሚቶን ሲለጠጥ ጆሮ አይቀየመውም። 30 ቅጂ ገደማ ይበቃል። በሞኖ እያንዳንዱ 6 ሰከንድ ቢሆን 16 ሜጋባይት ያህል ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት የእጅ ጉልበት ምቱ፣ የመቅጃውን መጠንም መሀል ላይ አትንኩ።

የኖታውን ስም ፋይሉ ላይ ጻፉ። መካከለኛውን ዶ አንዱ ኩባንያ ሲ3፣ ሌላው ሲ4 ይለዋል፤ ኦክታቭ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚዲ ቁጥሩን (የሙዚቃ ማሽኖች ለእያንዳንዱ ኖታ የሚጠቀሙበትን ቁጥር) ከጻፋችሁ ግን ግራ መጋባት የለም። መካከለኛው ዶ 60 ነው።

የድሮዎቹን ማሽኖች ሻካራ ድምፅ በፋይል ዝግጅት ማምጣት ይቻላል?

በከፊል ይቻላል። የኢ-ሙ ኤስፒ-1200፣ በ1987 የወጣው፣ በ12 ቢት እና በ26.04 ኪሎኸርዝ ይቀዳ ነበር። ጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ገደማ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሰዎች የ33 ዙር ሸክላን በ45 አጫውተው ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ አምስት ሰሚቶን ያህል ያወርዱት ነበር። 13 ኪሎኸርዝ ላይ የሚቆመው ድምፅ ሲወርድ 10 እንኳ አይደርስም። ማሽኑ ሲያወርድ የሚፈጥረው ጭረት ደግሞ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ያ ነው ሰዎች የሚወዱት።

እናንተም ፋይሉን በ1.35 አፍጥናችሁ፣ ወደ 26 ኪሎኸርዝ ሪሳምፕል አድርጋችሁ፣ ሳምፕለሩ ላይ ማውረድ ትችላላችሁ። ማሽናችሁ 26ቱን የማያነብ ከሆነ መልሳችሁ ወደ ራሱ ሬት ቀይሩት፤ የጠፋው ከፍተኛ ድምፅ አይመለስም። የዘመኑ ማሽን ሲያወርድ ስለሚያለሰልስ ድብዘዛውን ታገኛላችሁ፣ ጭረቱን ግን አታገኙም። ለእሱ የቢት መቀነሻ ኢፌክት ያስፈልጋችኋል። ኢፌክቱን ፋይሉ ላይ ከማተም ይልቅ ማሽኑ ላይ እያለ ብትጠቀሙበት እመርጣለሁ። ኪኩን 12 ቢት ላይ የወደዳችሁት ቤዙ ሳይኖር ነው፤ ቤዙ ሲገባ ሐሳባችሁን ልትቀይሩ ትችላላችሁ።